የፍሳሽ ቱቦ ሲጮህ፦ ዲጂኖ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራ ሥራ

ጎንደር ውስጥ የቤት ፍሳሽ መጮህ ሲጀምር አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ በረኪናና ኮስቲክ ሶዳ ይገለብጥበታል፣ ወይ ሰው ጠርቶ ወለሉን ያስቆፍራል። ገንዘቡ ይወጣል፣ ድምፁ ግን እዚያው ነው።

የሚጮኸው ውሃው አይደለም፤ አየሩ ነው። የተሞላ የሃይላንድ ጠርሙስ ዘቅዝቃችሁ ስትደፉ የሚሰማው ቡልቅ ቡልቅ ቱቦአችሁ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። ውሃ ሲወርድ ከፊቱ ያለውን አየር ይገፋል፣ ከኋላው ደግሞ አየር ይስባል። አየሩ መውጫ ወይም መግቢያ ሲያጣ በሲፎናችሁ (ሽታ እንዳይመለስ ውሃ የሚይዘው የመውረጃው ክፍል) ውስጥ የተኛውን ውሃ ሰንጥቆ ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው አየሩ የታፈነበት ቦታ ነው። ያ ሳይታወቅ ምንም አትፍቱ፣ ምንም አትጨምሩ።

ደረጃዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሄዱ ናቸው። መመሪያው ራሱ ወደ ሌላ ደረጃ ካልላካችሁ በቀር እየዘለላችሁ አትሥሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ውሃ፦ ሥራው የሚፈተነው በውሃ ስለሆነ ፈረቃችሁ በሆነ ቀን ጀምሩ። ሮቶ ካላችሁ ከግማሽ በላይ መኖሩን እዩ። ከሌላችሁ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት ሞልታችሁ አስቀምጡ። መሃል ላይ ውሃ ቢሄድ የፈታችሁትን ገጥማችሁ፣ ሳትፈትኑ ታድራላችሁ።

ዕቃ፦ የጎማ ጓንት፣ ሁለት ባልዲ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ እጀታ ያለው የጎማ መግፊያ፣ ስስ ፌስታል፣ ሶፍት። የሲንክ ሲፎን የምትፈቱ ከሆነ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ትርፍ ጎሚኒ (የመጋጠሚያ የጎማ ቀለበት) አስቀድማችሁ ግዙ። ያረጀ ጎሚኒ ከተፈታ በኋላ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይዝም።

አንድ ነገር ለዩ፦ ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመጣ ቧንቧው የሚተፋውና የሚንቀጠቀጠው በመግቢያው መስመር ውስጥ በገባ አየር ነው። ከፍሳሽ ጋር አይገናኝም። ቧንቧውን በትንሹ ከፍታችሁ አየሩ እስኪያልቅ ተዉት። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ውሃ ስትደፉ የሚሰማውን ድምፅ ነው።

ደረጃ 1፦ ማዳመጥ

1. ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን አጥፉ።
2. በየመውረጃው አንድ አንድ ባልዲ ውሃ ድፉ። መጀመሪያ የኩሽና ሲንክ፣ ቀጥሎ የእጅ መታጠቢያ፣ ከዚያ ሻወር፣ በመጨረሻ ሽንት ቤት። በአንዱና በሌላው መካከል ውሃው ወርዶ እስኪያልቅ ጠብቁ።
3. እናንተ ስትደፉ ሌላ ሰው ሌሎቹ መውረጃዎች ጋ ጎንበስ ብሎ ያዳምጥ። ለዚህ ሥራ ልጆችን የሚያህል የለም፤ ጆሯቸውም ንቁ ነው፣ ወገባቸውም አያማርርም።

የሰማችሁትን እንዲህ አንብቡት።

ሲንኩ ጨርሶ ሲወርድ አንዴ ብቻ መጥጦ ዝም ካለና ሽታ ከሌለው ጤነኛ ነው፤ ተዉት። ቀስ እያለ፣ እየጮኸ የሚወርድ ከሆነ መዘጋቱ እዚያው ቅርብ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ። በፍጥነት ወርዶ መጨረሻ ላይ በኃይል ከመጠጠና ቆይቶ ሽታ ካመጣ ሲፎኑ ውሃውን እየተነጠቀ ነው፤ ይህ የአየር ማውጫው (መስመሩ አየር የሚያገኝበት፣ ከጣራ በላይ የሚወጣው ቱቦ) ጉዳይ ስለሆነ ደረጃ 6ን እዩ። ሽንት ቤት ስትደፉ የሻወሩ ወለል የሚጮህ ከሆነ ችግሩ በጋራ መስመሩ ላይ ነው፤ ምን እንደሆነ የሚለየው ደረጃ 2 ነው። ሁሉም መውረጃ አንድ ላይ የሚጮህና የወለሉ ውሃ ከፍ የሚል ከሆነ ግን ሲንክ መፍታት ጊዜ ማባከን ነው፤ ቀጥታ ወደ ደረጃ 5።

ድምፁ ኳ ኳ ወይም ጠቅ ጠቅ ከሆነ አየር አይደለም። ያልታሰረ ቱቦ ግድግዳ እየመታ ነው፣ ወይም ሙቅ ውሃ ሲወርድበት ፒቪሲው እየተለጠጠ ነው። በሚታየው ክፍል ላይ ማሰሪያ ጨምሩ፣ ቱቦው ግድግዳ የሚነካበት ቦታ የጎማ ቁራጭ አስገቡ፤ አለቀ።

ደረጃ 2፦ የፌስታል ፈተና

ይህን ፈተና ማንም አይሠራውም፤ ብዙ ወለል የሚሰበረውም በዚህ የተነሳ ነው። ወጪው አንድ ፌስታል ነው።

1. የሻወሩን ወይም የመታጠቢያ ቤቱን የወለል መውረጃ ክዳን አንሱ። ዙሪያውን በጨርቅ ጥረጉና አርጥቡት።
2. ፌስታሉን ሰንጥቃችሁ አንድ ገጽ አድርጉት። ቀዳዳው ላይ ሳትወጥሩ፣ ትንሽ ላላ አድርጋችሁ ዘርጉት።
3. ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ ክበብ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ አየር በጎን እንዳያመልጥ።
4. ሌላ ሰው ሽንት ቤቱ ውስጥ አንድ ሙሉ ባልዲ በአንድ ጊዜ ይድፋ። እናንተ የፌስታሉን መሃል ብቻ እዩ።

ፌስታሉ ወደ ታች ከሰረጎደ መስመሩ አየር እየሳበ ነው። ቱቦው አልተዘጋም፤ አየር የሚያገባለት የለም። ደረጃ 6።

ፌስታሉ ወደ ላይ ከተነፋ አየሩ ወደ ታች መሄድ አቅቶት እየተመለሰ ነው። ከታች የተዘጋ ነገር አለ። ደረጃ 5።

መጀመሪያ ሰርጉዶ ቀጥሎ ከተነፋ መዘጋቱን አስቀድሙ። መዘጋቱ ሲለቀቅ መሳቡም አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ አለና።

ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ወይ ጨርቁ አየር አሳልፏል፣ ወይ ያ መውረጃ በሌላ መስመር ላይ ነው። ደግማችሁ ሞክሩ፤ ከዚያ በእጅ መታጠቢያው ላይ ሥሩት። እዚያ ስትሠሩ ከላይ ያለችውን የትርፍ ውሃ ማምለጫ ቀዳዳ በእርጥብ ጨርቅ ድፈኗት፤ አለበለዚያ ፈተናው ይዋሻችኋል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ባልዲውን ከላይ ያሉት ጎረቤት እንዲደፉ ለምኑ። እሳቸው ሲደፉ የእናንተ ፌስታል ከተነቃነቀ ችግሩ የዋናው ቋሚ ቱቦ ነው፤ የእናንተን ሲንክ መቶ ጊዜ ብትፈቱት አይለወጥም። በስልክ ቪዲዮ ቅረጹትና ለነዋሪዎች ኮሚቴ አሳዩ። የታችኛው ፎቅ ነዋሪ በአፍ ሲያስረዳ የሚሰማው የለም፤ የተነፋ ፌስታል ያየ ኮሚቴ ግን ገንዘብ ያዋጣል።

ደረጃ 3፦ የሲንክ ሲፎን

ከመፍታታችሁ በፊት ዓይነቱን እዩ። ጠርሙስ የሚመስል፣ የታጠፈ ጠንካራ ቱቦ ወይም እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጥ ሊሆን ይችላል። የሚለጠጠው በየእጥፋቱ ቅባት ስለሚይዝ ሁሌም ከጯሂዎቹ ቀዳሚው ነው። አጥባችሁ ብትመልሱትም ይመለሳል፤ ለስላሳ ግድግዳ ባለው ሲፎን ለውጡት።

1. ሳትፈቱ በስልክ ፎቶ አንሱ። የጎሚኒዎቹን ቅደም ተከተል የሚያስታውሳችሁ ይኸው ነው።
2. ባልዲ ከሥር አድርጉ።
3. ማሰሪያዎቹን በእጅ ወደ ግራ ፍቱ። እምቢ ካሉ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በፒንሳ በቀስታ አላሉ። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ ማሰሪያው ብቻውን ላይገኝ ስለሚችል ሙሉ ሲፎን መግዛት ሊኖርባችሁ ነው።
4. ውስጡን ባልዲው ውስጥ ገልብጡ። የምታገኙት ብዙ ጊዜ የቡና አተላ፣ የሊጥ እጣቢና የረጋ ዘይት ተጋግሮ ነው። ገበያ ላይ ያለው የሚረጋ ዘይት በጎንደር ሌሊት ብርድ ቱቦው ግድግዳ ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፤ አተላው እዚያ ላይ ይለጠፋል። የወጣውን ሽንት ቤት አትድፉት፤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨምሩት።
5. በብሩሽ እጠቡ። ሲፎኑ የታጠበበትንም ውሃ ደጅ ድፉት።
6. በባትሪ ግድግዳው ውስጥ የሚገባውን ቱቦ እዩ። አፉ በቅባት የጠበበ ከሆነ እጃችሁ እስከሚደርስ ፍቁት።
7. ጎሚኒዎቹን መልሱ። ሾጣጣው ጎን ቱቦው ወደሚገባበት አፍ መዞር አለበት። መጀመሪያ በእጅ አጥብቁ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ።
8. ሲንኩን ደፍናችሁ ግማሽ ሙሉት፣ ከዚያ በአንዴ ልቀቁት። መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ንኩ፤ እርጥበት ካለ ያሳያችኋል።

ጠብታ ካለ፦ ይበልጥ አታጥብቁ። ፍቱት፣ ጎሚኒው ተጣሞ ወይም ተገልብጦ እንደሆነ እዩ። ፕላስቲክ መጋጠሚያ የሚያፈሰው አንሶ ስለታሰረ ሳይሆን በዝቶ ስለታሰረ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

አጥባችሁም ቢጮህ፦ ከሲንኩ የሚወርደውን ቱቦ ተከተሉ። ራሱ ሲፎን ያለው የወለል መውረጃ ውስጥ ይገባል? ከሆነ ሁለት ሲፎን በአንድ መስመር ላይ አላችሁ። በሁለቱ ውሃ መካከል የታሰረው አየር ማምለጫ ስለሌለው ሁልጊዜ ይጮኻል። የላይኛውን ሲፎን አንሱና በቀጥተኛ ቱቦ ተኩት፤ የወለሉ ሲፎን ሽታውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ግን ቱቦው ወለሉ ውስጥ ከሲፎኑ ውሃ በላይ መግባቱንና ዙሪያው መደፈኑን አረጋግጡ።

ስለ ሙቅ ውሃ፦ የፈላ ውሃ ፒቪሲ ቱቦ ላይ አትድፉ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ቢሆን ለፒቪሲ ብዙ ነው፣ ቱቦውን ያለሰልሰዋል፣ መጋጠሚያውን ያላላዋል። የፈላውን ከቀዝቃዛ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሉ፣ የዱቄት ሳሙና ጨምሩና በአንድ ጊዜ ልቀቁት። ለቅባት ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ሻወርና የወለል መውረጃ

ክዳኑን አንስታችሁ ፀጉሩን በጓንት አውጡ። ከፀጉር ሥር ደቃቅ ጭቃ ካገኛችሁ አትገረሙ፤ ክረምት ላይ የደፈረሰ ውሃ ሮቶ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ሮቶው ሲታጠብም ዝቃጩ ወደ ሻወር ይለቀቃል። ከአሁን ወዲያ የሮቶ እጣቢ ደጅ ይደፋ።

ጭቃው በጣሳ ከወጣ በኋላ የጎማ መግፊያውን ተጠቀሙ። ጎማው በውሃ መሸፈን አለበት፤ በደረቅ መግፋት አየር መግፋት ነው። በአቅራቢያ ያሉትን ሌሎች መውረጃዎች በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ። አስራ አምስት ያህል ጊዜ ሳታነሱ ግፉ፣ ሳቡ፤ የመጨረሻውን በኃይል ሳቡት። መዘጋቱን የሚያላቅቀው ከመግፋቱ ይልቅ መሳቡ ነው።

ካልሆነ ጫፉ የተቆለመመ ተጣጣፊ ሽቦ አስገቡ። የፌሮ ቁራጭ አታስገቡ። ፌሮ የፒቪሲው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ አይታጠፍም፤ ይበሳዋል። ያኔ ወለል መስበር ግዴታ ይሆናል።

ለረጅም ጊዜ የማትጠቀሙበት መታጠቢያ ቤት ካለ ሲፎኑ ደርቆ ነው ድምፁም ሽታውም የሚወጣው። በሳምንት አንድ ሊትር ውሃ ድፉበት። በጋ ላይ ቤቱን ዘግታችሁ የምትሄዱ ከሆነ በውሃው ላይ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ዘይት ጨምሩ፤ መትነኑን ያዘገየዋል።

⚠ ኬሚካል፦ በረኪናን ከአሲድ ጋር በፍጹም አታገናኙ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የባትሪ አሲድ ፍሳሽ ውስጥ መጨመርም ዕብደት ነው። ኮስቲክ ሶዳ ቀድሞ ከተጨመረ ለሚመጣው ሠራተኛ ንገሩ፣ በመግፊያም አትግፉ፤ ፊታችሁ ላይ ይረጫል። ዓይን ከነካ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ደረጃ 5፦ ፖዜቶና ሴፕቲክ ታንክ

⚠ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። ከፖዜቶ (በፍሳሽ መስመሩ ላይ ያለ ባለ ክዳን መፈተሻ ጉድጓድ) እና ከሴፕቲክ ታንክ (ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ) የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ በእሳትም ይቀጣጠላል። ብቻችሁን አትክፈቱ። ክብሪት፣ ሻማ፣ ሲጋራ አይቅረብ። ክዳኑን ከፍታችሁ ፊታችሁን ሳታስገቡ ጥቂት ደቂቃ ራቁ። ወደ ውስጥ በምንም ምክንያት አትውረዱ፤ የወደቀ ዕቃ ይቅር። የወደቀ ሰው ለማውጣት ተከትሎ የገባ ሁለተኛው ሟች ይሆናል። ልጆች ከአካባቢው ይራቁ።

1. ለቤቱ ቅርብ የሆነውን ፖዜቶ በዲጂኖ ጫፍ ፈልቅቃችሁ ክፈቱ። ለዲጂኖ ተገቢው ሥራ ይህ ነው።
2. ሌላ ሰው ሽንት ቤት ላይ ባልዲ ይድፋ። ውሃው ወደ ፖዜቶው ካልደረሰ ወይም እየተንጠባጠበ ከመጣ የተዘጋው በቤቱና በፖዜቶው መካከል ነው።
3. ፖዜቶውን ሞልቶ ካገኛችሁት የተዘጋው ከእሱ በታች ነው። ቀጣዩን ክፈቱ። እንዲህ እያላችሁ የመጀመሪያውን ባዶ ፖዜቶ እስክታገኙ ውረዱ። መዘጋቱ ያለው በመጨረሻው ሙሉና በመጀመሪያው ባዶ መካከል ነው። ሌላ ቦታ አትፈልጉ።
4. ከባዶው በኩል ወደ ላይ ሥሩ። ረጅም ቀጭን ቀርከሃ ወይም የቱቦ መጥረጊያ ጥቅል ሽቦ አስገብታችሁ ወደ ፊት ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ። ከቱቦው አፍ ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ሲለቀቅ የታጎረው ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል።
5. ሲለቀቅ የሚወጣውን ጨርቅ፣ ሞዴስ፣ ዳይፐር እዚያው በመንጠቆ አውጡት። ወደ ታች ገፍታችሁ ከሰደዳችሁት ነገ ሴፕቲኩ መግቢያ ላይ ታገኙታላችሁ።
6. ሁለት ጀሪካን ውሃ ከላይ ልቀቁና ክዳኑን በደንብ ግጠሙ።

ባዶ ፖዜቶ ፈጽሞ ካልተገኘና ሁሉም ሞልተው ከሆነ ብዙ ጊዜ ታንኩ ሞልቷል ማለት ነው። ጥቅል ሽቦ አያድነውም፤ የመምጠጫ መኪና ጥሩ። ለጥምቀት እንግዳ የምትቀበሉ ቤት ከሆናችሁ ታኅሣሥ ላይ አስመጥጡት፤ ጥር 11 ቤቱ በሰው ሲሞላ የሚጮህ ሽንት ቤት እንዳይኖራችሁ።

ተመጥጦ በጥቂት ቀን ውስጥ መልሶ ከሞላ ማስመጠጡን አትደጋግሙ። ወይ ማስረጊያ ጉድጓዱ መጥጦ አልጨርስ ብሏል፣ ወይ ክረምት ላይ የጠገበው መሬት ውሃውን ወደ ታንኩ እየመለሰው ነው። ይህ የግንባታ ባለሙያ ሥራ ነው።

ደረጃ 6፦ የአየር ማውጫ ቱቦ

ፌስታሉ የሰረጎደላችሁ ሰዎች እዚህ ናችሁ። ለማረጋገጥ ሽንት ቤት ላይ ባልዲውን በአንዴ ከመገልበጥ ይልቅ በቀስታ ድፉ። ድምፁ ከጠፋ ነገሩ አልቋል፤ የአየር ችግር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አብዛኛው ቤት በባልዲ ስለሚደፋ ደካማ አየር ማውጫ እዚህ ቶሎ ይጋለጣል።

ከቤቱ ውጪ ቆማችሁ ጣራውን እዩ። ከጣራ በላይ የወጣ የፒቪሲ ቱቦ አለ?

ካለ፦ ዝናብ ባልጣለበት ቀን፣ መሰላሉን የሚይዝ ሰው ኖሮ ውጡ። ቆርቆሮ ላይ የምስማር መስመሩን እየረገጣችሁ ሂዱ፣ ከመብራት ገመድ ራቁ። የወፍ ጎጆ፣ ቅጠል ወይም ፌስታል ካለ በመንጠቆ ወደ ላይ አውጡ፤ ወደ ውስጥ አትግፉ። አንድ ጆግ ውሃ ጨምሩበት። ወዲያው ከወረደ ክፍት ነው፤ ቆሞ ከቀረ ከታች ታፍኗል፣ ሽቦ አስገቡ። ስትጨርሱ አፉን ወፍ በማያስገባ ሰፊ ዓይን ወንፊት ሽፈኑ። ጥቅጥቅ ያለ የትንኝ ወንፊት አቧራ ይዘጋዋል።

ከሌለ፦ ኮርኒሱ ውስጥ በባትሪ እዩ። ቱቦው ከኮርኒስ በላይ ተቆርጦ ጣራውን ሳያልፍ የቀረበት ቤት አለ፤ ሽታው እዚያ ይከማቻል። አስቀጥላችሁ ከጣራ በላይ አውጡት። ጭራሽ ካልተሠራ አዲስ ይሠራ፦

- መጋጠሚያው ከሲፎኑ በኋላ ይሁን፣ ርቀቱ ከ1.5 ሜትር አይብለጥ። ከሲፎኑ በፊት ከተሠራ ሽታውን ቤት ውስጥ ይለቃል።
- ቅርንጫፉ ከአግድም ቱቦው ላይኛ ጎን ይነሳ፤ ከጎን ወይም ከታች ከተነሳ ቆሻሻ ይገባበታል።
- ለሲንክና ለሻወር 50 ሚሊሜትር ቱቦ ይበቃል። ሽንት ቤት ላለበት ዋና መስመር ቋሚ ቱቦው ራሱ በ110 ሚሊሜትር ስፋቱ ሳይጠብ እስከ ጣራ በላይ ይቀጥል።
- የእናንተም የጎረቤትም መስኮት አጠገብ አይውጣ።
- ማጣበቂያው በደንብ ሳይደርቅ ውሃ አትልቀቁ።

ሲንካችሁ ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ወለል የሚወርድ ከሆነ በተለይ ይመጥጣል። ቦታ ካለ ወደ ግድግዳ በሚገባ ሲፎን ይለወጥ።

አየር ማውጫው ክፍት ሆኖ፣ ፖዜቶው ባዶ ሆኖ፣ ሲፎኑ ታጥቦም የሚጮህ ከሆነ ያኔ የቱቦው ተዳፋት ይጠረጠራል። አግድም ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ መውረድ አለበት። የሚታየውን ክፍል በውሃ ልክ ለኩ። ወለል ውስጥ ያለው ቱቦ ተዳፋት ካጣ ውሃ ይተኛበታል፤ ወለል መስበር ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ከመሙላቱ በፊት እናንተው ቆማችሁ ውሃ ልኩን እዩ፤ ሲሚንቶው ከፈሰሰበት በኋላ «ልክ ነው» የሚል ቃል መለኪያ የለውም።

ድምፁ ከተመለሰ

በዚያው ቀን ከተመለሰ መዘጋቱን አላወጣችሁትም፤ አርቃችሁ ገፍታችሁታል። ደረጃ 5ን ከቀጣዩ ፖዜቶ ጀምሩ።

በየወሩ ከተመለሰ ቅባት ነው። ድስትና ምጣድ ከመታጠቡ በፊት በሶፍት ይጠረግ፣ ለሲንኩ ወንፊት ይግዙለት፣ የቡና አተላ ደጅ ይደፋ።

ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚጮህ ከሆነ አሸንዳውን ተከተሉ። የጣራውን ውሃ የሚያወርደው ቱቦ ፖዜቶ ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ ከባድ ዝናብ ሲመጣ መስመሩን ሞልቶ የቤቱን አየር ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ሴፕቲኩንም ያለጊዜው ይሞላዋል። ከፖዜቶው ቁረጡት፣ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ድፈኑ፣ አሸንዳውን ወደ ግቢው የዝናብ ቦይ አዙሩት። ከዚያ በሚቀጥለው ዝናብ ፌስታሉን እንደገና ዘርጉ።